ላይና ታቹ ያልታወቀ ሥዕል

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ከሚያምኑ ሰዎች ወገን አይደለሁም፣ ሰው ጅብ ሆነ፣ ጅብ ሰው ሆነ የሚል ጨዋታ ሲነሣ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ ቤቴ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ እታለም ድመት ስትጮህ እንኳ ተነሥታ ስታማትብ እኔ «ድመት ናት፣ ተኚ» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ስለዚህ ይህን የማጫውትህ ላስፈራራህ ብዬ እንዳይመስልህ፣ ለማንም ብነግር «ደክሞህ ነው» እያለ ስለሚያሰናብተኝ፣ አንተ ቢያንስ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ ብዬ ነው። መድከሙንማ ደክሞኛል፣ መቼ ካድኩ።

ሥራዬ ፍሬም ነው። ሶዶ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሠርግ ፎቶ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ ዲግሪ፣ ምን አለፋህ፣ ሰው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሊያየው የሚፈልገውን ሁሉ እንጨትና መስታወት አለብሳለሁ። ክረምት ሲገባ የምረቃ ፎቶ ይጎርፋል፣ ያን ጊዜ ሰው መሆኔንም እረሳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ካባ የለበሰ ልጅ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ሲያየኝ ይውላል፣ ማታ ዓይኔን ስጨፍን እነዚያው ጥርሶች ይመጣሉ። የቀኝ ትከሻዬ ከታመመ ቆይቷል፣ ሐኪሙ «እጅህን ከትከሻህ በላይ አታንሣ» ስላለኝ ኮፍያዬን እንኳ በግራ እጄ ነው የማደርገው። እንቅልፍ የማያወጣው ድካም አለ፣ ታውቀዋለህ? ተኝተህ ስትነሣ አልጋህ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅህ የምታገኘው ዓይነት፣ እኔ ከእሱ ጋር መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል።

እንግዲህ በአንዱ ክረምት፣ የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ መላ ሲያሳጣን በዋለበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ባልና ሚስት በላስቲክ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር በሁለት በኩል ይዘው ገቡ። ሰውየው አቶ አንጁሎ ይባላሉ፣ ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፣ ሚስታቸው ወይዘሮ አማረች። እኔ ሶዶ ተወልጄ ባድግም ወላይትኛ እሰማለሁ እንጂ ስናገረው ሰው ስለሚስቅብኝ፣ «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለን ሰላምታውን በእነሱ ቋንቋ ተለዋወጥንና ወሬውን በአማርኛ ቀጠልን።

«ይሄ ልጄ ነው የሠራው» አሉ አቶ አንጁሎ ላስቲኩን እየፈቱ፣ «ምሕረት የሚባል ልጄ። ሥዕል ተማረ፣ ከዚያ አመመውና ቤት መጣ፣ ኦቶና ሆስፒታል ተመላለስን፣ እግዚአብሔር ወሰደው።» ሴት ልጃቸውን ነው እንዲህ የሚሉት፣ የእኛ አገር አማርኛ ወንድና ሴት መለየት ላይ ብዙ አይጨነቅም፣ እሳቸው ደግሞ ስለ አነጋገር የሚያስቡበት ቀን ላይ አልነበሩም።

ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደምነው። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ቤት የለበት፣ ሰው የለበት፣ እዚህ አገር ሠዓሊ ሁሉ የማይተወው የባህል ልብሳችን የዱንጉዛ ቀይና ቢጫ እንኳ የለበት፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ተደርቦ፣ በዚያ ላይ የእንሰት ቃጫ እንደ ፀጉር ተበጥሮ በኮላ ተለጥፎ፣ የደረቀ ኮባ ተተልትሎ፣ የቡና ቅጠል፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ አመድ፣ ቀይ አፈር። አፈሩና ቃጫው አራቱንም ዳር ዙሪያውን ይዟል፣ ወደ መሐል ስትገባ ቅጠሉ ይበዛል፣ መካከሉ ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም ቀለም ያልነካው ነጭ ቀርቷል። አንድ ነገር ገረመኝ፣ ቅጠሎቹ ሁሉ የተለጠፉት በጀርባቸው ነው፣ ማለቴ የሚያብረቀርቀው ፊታቸው ወደ እንጨቱ ዞሮ፣ ጅማቱ ያበጠው ደብዛዛው ጀርባቸው ወደ እኛ ነው። ልጅቷ ተሳስታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ጓሮ ነዋ» አሉ አቶ አንጁሎ፣ «ጓሮዬን ነው የሣለው።»

ጓሮ ታየኝ ብዬ አልዋሽህም። ግን ማንጠልጠያ ከመምታቴ በፊት ሁሌ የምጠይቀውን ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ፣ «ላዩ የቱ ነው?» አልኩ።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ቀላል ጥያቄ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር። «አልጠየቅነውም» አሉ አቶ አንጁሎ ቀስ ብለው። ልጅቷ ሥዕሉን አንድ ቀን በዚህ ጎን፣ ሌላ ቀን በዚያ ጎን ታቆመው ነበር፣ ስሟን አልጻፈችበትም፣ ለማንም አልተናገረችም፣ ከዚያ ሞተች።

ወይዘሮ አማረች ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። «በሕይወት እያለች ሥራዋን አንድ ቀን አልተረዳንላትም» አሉ፣ «ቅጠል ለቅመሽ ትለጥፊያለሽ ወይ፣ ሕፃን ነሽ ወይ እላት ነበር። አሁን ደግሞ ገልብጠን እንስቀልባት? ከእሷ የቀረን ሌላ ነገር የለም፣ ወንድሜ። ይሄን እንኳ እሷ እንደ ወደደችው አድርግልን።»

አንጀቴን በሉት። ከጎኔ ፎቶ ኮፒ የምትሠራው ሰናይት ወሬያችንን ሰምታ ገባች፣ ከዝናብ የተጠለለ አንድ የባጃጅ ሹፌርም አንገቱን አስገባ፣ እዚህ አገር እንሰት ሥር ሳይጫወት ያደገ ሰው ስለሌለ ወዲያው ሁሉም ሊቅ ሆነ። ሰናይት «ቃጫው ያለበት ነው ታቹ፣ ቃጫ የሚወጣው ከግንዱ አይደል? ግንድ ደግሞ መሬት ላይ ነው» አለች፣ ቃጫው ግን በአራቱም ጎን ነበር። ባለባጃጁ «ቡና በእንሰት ጥላ ሥር ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ የቡና ቅጠሉ ወደ ታች» አለ፣ የቡና ቅጠሉ ደግሞ መሐል ላይ ተቀላቅሏል። አቶ አንጁሎ «አፈር ታች ነው፣ አለቀ» አሉና አፈሩን በጣታቸው ሲከተሉ አራቱን ዳር ዞረው የጀመሩበት ደረሱ። ሁላችንም አንገታችንን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዘነበልን ጠረጴዛውን ስንዞር ላየን ሰው ትርዒት ነበርን፣ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«አንተ የሥዕል ሰው ነህ» አሉኝ በመጨረሻ አቶ አንጁሎ፣ «አንተ እወቅልን። ነገ ዘመድ ልጄን ሊያስብ ቤታችን ይሰበሰባል፣ ጠዋት መጥተን እንወስዳለን።» እዚሁ ሶዶ ዘመድ ቤት ሊያድሩ ሄዱ። የሥዕል ሰው! እኔ እኮ እንጨት ቆራጭ ነኝ።

የምረቃ ፎቶዎቹን ስጨርስ መሸ። ሰናይትም ዘግታ ሄደች፣ እኔ የሥዕሉን ፍሬም ገጣጥሜ ማንጠልጠያው ብቻ ሲቀረኝ መብራት ጠፋ፣ ያው እንደ ልማዱ። የስልኬን መብራት አብርቼ ዕቃ ላይ አስደገፍኩት። አንዱን ጎን መርጬ ልምታና ልገላገል፣ ሟች እንደሆነች ተነሥታ አትከሰኝ ብዬ አሰብኩ፣ አዎ፣ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ ድካም ሰውን ክፉ ያደርጋል። ድምፁን የሰማሁት መዶሻውን ሳነሣ ነው።

ኮባ ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፁን ታውቀዋለህ? ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርደው አይደለም፣ ለስለስ ያለ ነው፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሰዎች ሌላ ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩ ይመስላል። ዝናቡ እንደገና የጀመረ መስሎኝ በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ኮከብ ይታያል፣ ቆርቆሮዬ ጭጭ ብሏል፣ በአካባቢው ደግሞ እንኳን እንሰት ሣርም የለ፣ ኮብልስቶን ነው። ተመልሼ ስገባ ድምፁ አለ። አይጥ ነው አልኩ፣ ካርቶኖቹን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ፣ ምንም አልወጣም። ቀጥሎ ሽታው መጣ፣ የእርጥብ አፈርና የተቆረጠ እንሰት ሽታ፣ ማርያምን እልሃለሁ፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ከኮላና ከቫርኒሽ በቀር ሌላ ሽታ ኖሮ አያውቅም።

ከዚያ ጠብታዋን አየኋት። ሥዕሉ መሐል፣ አንዷ የኮባ ቁራጭ ላይ፣ አተር የምታህል ውኃ ቁጭ ብላለች። ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል ብዬ ቀና አልኩ፣ ደረቅ ነው። በጨርቅ ጠረግኋት፣ ጨርቁ ረጠበ፣ ጨርቁን አስቀምጬ ስዞር ጠብታዋ እዚያው አለች። ትውረድና ልገላገላት ብዬ ሥዕሉን አንሥቼ ግድግዳው ላይ አቆምኩት። አልወረደችም። ኮባ ላይ ውኃ እንዴት እንደሚሮጥ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል፣ ቅጠሉን ትንሽ ነካ ካደረግኸው አበቃ፣ እሷ ግን ቅጠሉ ሜዳ ላይ የተጋደመ ይመስል ቁጭ ብላለች። በሌላው ጎን አዞርኩት፣ ቁጭ። አሁንም አዞርኩት፣ አራቱንም ጎን አዳረስኩት፣ ንቅንቅ አላለችም። ከአራቱ ጎን አንዱም ለእሷ ታች አልነበረም፣ ያኔ ግን ይህን ማሰብ የሚችል ጭንቅላት አልቀረልኝም።

ከዓይኔ ይራቅልኝ ብዬ ከበሩ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ላወጣው ወሰንኩ። ፊቱን ወደ ታች አድርጌ በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አነሣሁት፣ ልብ በል፣ እጄን ከትከሻዬ በላይ። ያን ጊዜ ጠብታዋ ወረደች። ቀጥ ብላ ግንባሬ ላይ፣ ቅዝቃዜዋ እስከ አንገቴ ድረስ ተሰማኝ።

ቀና ስል ሥዕሉ ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቀኝ። በዳሩ ያለው ቃጫ ዙሪያዬን የቆመ የእንሰት ግንድ ሆኗል፣ ቅጠሎቹ ከየአቅጣጫው መጥተው ከአናቴ በላይ ተገናኝተዋል፣ ያ ነጭ ቦታ በመካከላቸው የሚታይ ሰማይ ነው፣ ቅጠሎቹም በጀርባቸው የተለጠፉት ከሥራቸው ሆኖ ቀና ላለ ሰው የሚታየው ጀርባቸው ስለሆነ ነው። እስከዚህ ድረስ አእምሮ ይደርስበታል እንበል። ቅጠሎቹ ግን ይወዛወዙ ነበር። ትከሻዬ አላመመኝም፣ ያ አልጋ ጠርዝ ላይ የሚጠብቀኝ ድካምም አልነበረም፣ በቃ አልነበረም። መብራት ሲመጣ እጄን ወደ ላይ እንደ ዘረጋሁ ቆሜ ራሴን አገኘሁት፣ ከግማሽ በላይ ባትሪ የነበረው ስልኬ ጨርሶ ጠፍቷል፣ ግንባሬ እርጥብ ነው። ቤቴ ገብቼ ለእታለም ምንም ሳልነግራት ራት ሳልበላ ተኛሁ፣ እሷም «ምነው፣ ተጣልተህ መጣህ እንዴ?» ብላ ተወችኝ።

ጠዋት ባልና ሚስቱ መጡ። ስለ ድምፁም ስለ ጠብታዋም ትንፍሽ አላልኩም፣ ሐዘንተኛ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? «ላዩን አገኘሁት» ብቻ አልኳቸው፣ «ግድግዳ ላይ አይደለም የሚሰቀለው። ኮርኒስ ላይ ነው፣ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ።»

የአቶ አንጁሎ ፊት ጠቆረ፣ በልጃቸው የምቀልድ መሰላቸው። «ጣሪያ ላይ ሥዕል ማን ይሰቅላል?» አሉ።

ሥዕሉን አንሥቼ ከራሳቸው በላይ ያዝኩላቸው፣ በዚህ ጊዜማ ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ። ወይዘሮ አማረች ቀና ብለው ትንሽ አዩና ደጃፉ ላይ ዘፍ ብለው ቁጭ አሉ። «እንሰቱ ሥር ነው» አሉ፣ «አንጁሎ፣ እንሰቱ ሥር እኮ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጅቷ ቤት ውስጥ ትንፋሽ ያጥረኛል ስትል ፍራሿን ጓሮ አውጥተው ከእንሰቱ ሥር ያነጥፉላት ነበር፣ ቀኑን በጀርባዋ ተኝታ ወደ ላይ እያየች ትውላለች፣ ሻል ሲላት ቁጭ ብላ ትለጥፋለች። «ዝናብ መጣ፣ ግቢ ስንላት እምቢ ትለን ነበር» አሉ ወይዘሮ አማረች እያለቀሱ፣ «ካባራ በኋላ ከኮባው ጠብታ ግንባሯ ላይ ሲወርድባት ትስቃለች፣ እማዬ፣ ድካሜን አጠበልኝ ትለኛለች።»

ሳላስበው እጄ ግንባሬ ላይ ነበር።

በዚያው ቀን እኔው ልስቀልላችሁ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ሥዕሉን ሚኒባስ ውስጥ በሰው ጉልበት ላይ አጋደምነው፣ ዶሮ የያዘች አንዲት ሴት «ይሄ ጠረጴዛ እግሩ የት ነው?» እያለች አሳቀችን፣ አቶ አንጁሎም መንገድ ላይ ትንሽ ፈታ አሉ። «ነርስ እንዲሆን ነበር የፈለግነው» አሉኝ፣ «እኔ ተቆጣሁ። አንድ ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። ከዚያ ታሞ መጣ።» ቀጥለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፣ ቦዲቲ ወርደን ባጃጅ ያዝን።

የምሕረት ክፍል ትንሽ ናት፣ አልጋዋ እንደ ነበረ ተነጥፏል። ኮርኒሱ ደካማ ስለሆነ ከበላዩ ያለውን ወራጅ እንጨት ፈልጌ አራቱን ጥግ በቪስ አጠበቅሁት፣ አቶ አንጁሎ ከሥር ደግፈው ያዙልኝ። ዘመዶቹ ሳሎን ውስጥ መዝሙር ጀምረዋል፣ ወይዘሮ አማረች ሃይታ ቱኬውን፣ ያን በቅመም የሚፈላውን የቡና ቅጠል፣ ለእንግዳ ሊቀዱ ሄደዋል። «አንተ ተኛና እይ» አሉኝ አቶ አንጁሎ፣ «ተጣሞ እንደሆነ ንገረኝ። እኔ እዚያ አልጋ ላይ መተኛት አልችልም።» ይህን ብለው ወጡ።

ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ። ቅጠሎቹ ተወዛወዙ። መዝሙሩ ራቀ፣ ራቀና በእሱ ፈንታ ያ ጠብ ጠብ የሚለው ድምፅ መጣ፣ ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ድካሜ እንደ እርጥብ ልብስ ሲገፈፍልኝ ይሰማኛል፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝቼ አላውቅም፣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ፍራሹ በግራዬ በኩል ቀስ ብሎ ረገብ አለ፣ አጠገብህ የተኛ ሰው ቦታ ሊለቅልህ ጠጋ ሲል እንደሚሆነው። ዞሬ አላየሁም። መፍራት ነበረብኝ፣ ግን እመነኝ፣ አልፈራሁም፣ ደስ ነው ያለኝ፣ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝም እሱ ነው።

ወይዘሮ አማረች ትከሻዬን ይዘው ሲነቀንቁኝ ተነሣሁ። «ስንጠራህ፣ ስንጠራህ!» አሉ። የቀዱልኝ ሃይታ ቱኬ ቀዝቅዟል፣ መዝሙሩ አልቆ ዘመዱ ተበትኗል። ዓይንህ ተከፍቶ ነበር አሉኝ። አቶ አንጁሎ ከበሩ ላይ ሆነው «ተጣሟል?» ብለው ጠየቁኝ፣ «አልተጣመመም፣ ልክ ነው» አልኩና ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ወጣሁ።

በመጨረሻ ለእታለም ነገርኳት። «ደክሞህ ነው፣ ጠበል ሂድ» አለችኝ፣ ሄድኩ፣ ጠበሉም ግንባሬ ላይ ሲፈስ እኔ የማስበው ያችን ጠብታ ነበር። ቀስ በቀስ ረሳሁት ልልህ ነበር፣ ባለፈው የገበያ ቀን ወይዘሮ አማረች ባይመጡ ኖሮ።

ከስተዋል። አቶ አንጁሎ መጀመሪያ እዚያ አልጋ ላይ አልተኛም ብለው ነበር፣ ከዚያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም አሉ፣ ከዚያ በየቀኑ፣ አሁን ከዚያ ክፍል አይወጡም። የእውነቱን ጓሮ አረም ውጦታል፣ እንሰቱ ሥር ፍግ የሚጨምር የለም፣ እሳቸው የተለጠፈው ጓሮ ሥር ተኝተው ውለው ያድራሉ።

«አይበላም» አሉኝ ወይዘሮ አማረች፣ «ተነሥ ስለው 'ትንሽ ልረፍ፣ ልጁ ጠጋ ብሎልኛል' ይለኛል። ግንባሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ፣ ወንድሜ፣ እሱን ደግሞ ቁጭ ብዬ አልቀብርም። ሥዕሉን ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም፣ ላዩን ያወቀው እሱ ሰውዬ ነው ይላል። አንተ ሰቅለኸዋል፣ አንተ መጥተህ አውርድልኝ።»

እኔ ስለ ፍራሹ ለማንም፣ ለእታለም እንኳ፣ አልተናገርኩም ነበር።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳቸው። ቅዳሜ አለፈ። ካቻቢቴዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬም በሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ይህን ሳወራልህ እንኳ ከመናኸሪያው «ቦዲቲ! ቦዲቲ!» እያለ የሚጣራው ረዳት ድምፁ ይሰማኛል። የሴትየዋ ፊት ከዓይኔ አይጠፋም፣ እሄዳለሁ፣ መሄድማ አለብኝ፣ አራት ቪስ መፍታት ለኔ ምን ሥራ ነው። ግን ለማውረድ ሥሩ ቆሜ ቀና ማለት አለብኝ፣ እኔ ደግሞ፣ ወዳጄ፣ በጣም ደክሞኛል።